የመርፌ ዳንቴልና የቀሰም ዳንቴል፤ አሠራራቸውና ታሪካቸው

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር ለአንባቢዎች እንዲስማማ ሆኖ የቀረበ)

ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የእንግዳ መቀበያ ክፍላችሁን አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በጠረጴዛው ላይ፥ በወንበሩ መደገፊያ ላይ፥ ምናልባትም በራዲዮው ወይም በቴሌቪዥኑ ራስ ላይ፥ በነጭ ክር የተሠራና ቀዳዳው እንደ አበባ የተደረደረ ልብስ ተነጥፎ ታገኙ ይሆናል። ይህን ልብስ ሁላችንም «ዳንቴል» ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው «ጥርስ» ማለት ነው፤ የጥንቱ ዳንቴል በልብስ ጫፍ ላይ እየሾለ ይሠራ ስለ ነበር፥ ፈረንሳዮች «ትንንሽ ጥርስ» ብለው ሰየሙት።

ይሁን እንጂ በአገራችን እናቶችና እኅቶች በኪሮሽ የሚሠሩት ዳንቴል በዕድሜ ሲታይ የቤተ ሰቡ ታናሽ ነው። የኪሮሽ ሥራ በኤውሮፓ የተስፋፋው በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው የተወለዱ ሁለት ታላላቆች አሉት። አንደኛው በመርፌ፥ ሁለተኛው ክር በተጠነጠነባቸው ትንንሽ እንጨቶች የሚሠራ ነው። እኔም ነገሩን መርምሬ እስካየው ድረስ ዳንቴል ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ቀርቦ ለሚመረምር ሰው አንዱ ከስፌት፥ ሌላው ከጉንጉን የተወለዱ መሆናቸው ይገለጥለታል። ይህም የትውልድ ልዩነት ለዐይን ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፥ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ፥ በመጨረሻም የፋብሪካ መኪና በመጣ ጊዜ ማን እንደሚወድቅና ማን እንደሚተርፍ የወሰነው እርሱ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነገር ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከስፌት የተወለደው

በዐሥራ አምስተኛውና በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የኢጣልያ ሴቶች ነጭ የተልባ እግር ልብስ በነጭ ክር ይጠልፉ ነበር። ጥልፉ ይበልጥ እንዲያምር ከልብሱ ድርና ማግ ጥቂት ጥቂቱን እየመዘዙ ያወጡና፥ የቀሩትን ክሮች በመርፌ እየዘመዘሙ መስኮት መስኮት የመሰለ ቅርጽ ያበጁበት ጀመር። ቀጥሎም ልብሱን በመቀስ በአራት ማዕዘን እየቆረጡ ክፍቱን ቦታ በስፌት ይሞሉት ነበር። እንዲህ እየሆነ ቀዳዳው እየሰፋ፥ ልብሱም እያነሰ ሄደና፥ በመጨረሻ ልብሱ ጨርሶ ቀርቶ ስፌቱ ብቻውን ቆመ። ኢጣልያኖች ይህን ሥራ «ፑንቶ ኢን አርያ» አሉት፤ «በአየር ላይ የተሰፋ ስፌት» ማለታቸው ነው።

በአየር ላይ እንዴት ይሰፋል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሚፈለገው ሥዕል በብራና ላይ ይነደፋል፤ መስመሩም በመርፌ ጫፍ ይበሳሳል። ብራናው ከሥሩ ሁለት እጥፍ ጨርቅ ይደረግለታል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ ጠንከር ያለ ክር በሥዕሉ መስመር ላይ ታጋድምና፥ በሌላ ቀጭን ክር እዚህም እዚያም እየወጋች ከብራናውና ከጨርቁ ጋር ታስይዘዋለች። ይህ ለቤት እንደ ምሰሶና እንደ ማገር ያለ ነው። ቀጥላም በመስመሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በመርፌዋ ትሞላለች፤ የምትሞላውም ብራናውን ሳትወጋ፥ አንዱን የክር ቀለበት በሌላው ቀለበት ላይ እያንጠለጠለች ነው። ስፌቱ ለሁላችንም የታወቀ ነው። የሸሚዛችን የቁልፍ ቀዳዳ እንዳይተረተር ልብስ ሰፊ ዙሪያውን የሚይዝበት ያው ስፌት ነው። ይህ ስፌት ጥቅጥቅ ሲል የአበባ ቅጠል ይሆናል፤ ሳሳ ሲል መረብ ይሆናል። ሥራው ሲፈጸም በሁለቱ ጨርቆች መካከል ምላጭ ገብቶ ማስያዣዎቹ ክሮች ይቆረጣሉ። ያን ጊዜ ዳንቴሉ ከብራናው ተላቆ በእጅ ይነሣል።

በፈረንሳይ አገር አላንሶን በምትባለው ከተማ የሚሠራው ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። በዚያ የአበባው ዙሪያ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የፈረስ ጭራ ይገባበትና በላዩ በጥቅጥቅ ስፌት ይሸፈናል። በመጨረሻም የተሞሉት ቅጠሎች እንዲያበሩ ሎብስተር በሚባለው የባሕር ፍጥረት ጥፍር እየታሹ ይለሰልሳሉ። ሥራው ወደ ዐሥር በሚጠጉ ደረጃዎች የተከፈለ ስለ ነበረ፥ በጥንት ጊዜ እያንዳንዷ ሴት የምታውቀው የራስዋን ደረጃ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የመርፌ ዳንቴል በጥቂት ቃል ሲነገር አንድ መርፌ፥ አንድ ክርና አንድ ስፌት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጊዜን እንደሚበላ ሥራ ያለ የለም። ዩኔስኮ ስለ አላንሶን ዳንቴል በመዘገበው መሠረት አንዲት ካሬ ሴንቲሜትር ሰባት ሰዓት ትፈጃለች። በዚህ ስሌት ሁለት በሦስት ሴንቲሜትር የሆነች የፖስታ ቴምብር የምታህል ቁራጭ አርባ ሁለት ሰዓት ትጠይቃለች ማለት ነው። ይህም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሙሉ ሳምንት በቢሮው ከሚያሳልፈው ጊዜ አያንስም።

ከጉንጉን የተወለደው

ሁለተኛው ዳንቴል መርፌን አያውቅም። ዘሩ ከመጎንጎን ነው። ሹሩባ ስትሠራ የተመለከታችኋት ሴት፥ ወይም የነጠላ ጫፍ ሲቋጭ ያያችሁት እጅ፥ የዚህን ዳንቴል ሥረ መሠረት ያሳያችኋል። በኤውሮፓ የልብስ ጠርዝ ለማስጌጥ የሐርና የወርቅ ክር የሚጎነጉኑ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ጉንጉኑ እየሰፋና በመካከሉ ቀዳዳ እየተተወለት ሲሄድ ዳንቴል ሆነ።

መሣሪያዎቹ አራት ናቸው። አንደኛው በደንብ የታጨቀ ጠንካራ ትራስ ነው። ሁለተኛው በትራሱ ላይ የሚዘረጋና ሥዕሉ በነጥብ በነጥብ የተበሳበት ብራና ሲሆን፥ በዛሬው ጊዜ ወፍራም ካርቶን ተተክቶበታል። ሦስተኛው ስፒል ነው። አራተኛው ደግሞ ሸማኔዎቻችን ማግ የሚያጠነጥኑበትን ቀሰም የምታስታውስ፥ የጣት ያህል ቀጭን የሆነች የክር ማጠንጠኛ ናት። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ «ቀሰም» እያልን እንጠራታለን። ቀሰሟ ከእንጨት ትሠራለች፤ ከአጥንትም የምትሠራበት ጊዜ ነበረ። እንግሊዞች ይህን ዳንቴል ቀድሞ «የአጥንት ዳንቴል» ይሉት ነበር።

ቀሰሞቹ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሠራተኛዋ ትራሱን ከፊትዋ አድርጋ በአንድ ጊዜ አራት ቀሰም፥ ማለት ሁለት ጥንድ ትይዛለች። ከዚህ በኋላ የምታደርጋቸው እንቅስቃሴዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ማሻገር ነው፤ ከመካከለኞቹ ሁለት ቀሰሞች ግራው በቀኙ ላይ ያልፋል። ሁለተኛው መጠምዘዝ ነው፤ በየጥንዱ ቀኙ ቀሰም በግራው ላይ ያልፋል። ማሻገር፥ መጠምዘዝና እንደ ገና ማሻገር ሲደረግ ክሮቹ እንደ ሸማ ድርና ማግ ሆነው ጥቅጥቅ ያለ ልብስ ይሠራሉ። ማሻገርና መጠምዘዝ ብቻ ሲሆን ደግሞ እንደ ወንፊት ያለ መረብ ይወጣል። በየነጥቡ ስፒል እየተተከለ ክሩን ባለበት ያቆመዋል፤ ሥራው ወደ ፊት ሲሄድ ከኋላ ያሉት ስፒሎች ተነቅለው ከፊት ይተከላሉ።

አንባቢዎች ሆይ፤ በዓለም የሚታወቀው እጅግ የረቀቀ የቀሰም ዳንቴል ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ እንቅስቃሴዎች በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ ቍጥሩ ነው። ጠባብ የልብስ ጠርዝ በጥቂት ጥንዶች ይፈጸማል። ሰፊና ባለብዙ አበባ የሆነ የፍላንድርስ ዳንቴል ግን ብዙ መቶ ቀሰም በአንድ ትራስ ላይ ያንጠለጥላል። ሠራተኛዋም ከዚያ ሁሉ ጫካ ውስጥ ተራው የደረሰውን ጥንድ ሳትሳሳት ማንሣት አለባት።

ይህንን ሥራ በዐይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው የሆላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ቨርሜር በ1669 ወይም በ1670 አካባቢ የሣላትን «ዳንቴል ሠሪዋ» የምትባለውን ሥዕል ይመልከት። ሥዕሏ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም የምትገኝ ሲሆን መጠኗ ከአንድ ደብተር ገጽ ብዙ አይበልጥም። በውስጧ አንዲት ወጣት ሴት አንገትዋን ደፍታ፥ በሁለት እጆችዋ ቀሰሞችና ስፒል ይዛ፥ ዐይንዋን ከሥራዋ ሳታነሣ ትታያለች።

ሁለቱን ለመለየት

አሁን አንድ ዳንቴል በእጃችሁ ቢገባ የየትኛው ወገን መሆኑን ለማወቅ ብዙ ሊቅነት አያስፈልግም። አጉልቶ የሚያሳይ መስተዋት ያዙና ጥቅጥቅ ያለውን የአበባ ቅጠል ተመልከቱ። ክሮቹ እንደ ሸማ ከላይና ከታች እየተላለፉ የሚሄዱ ከሆነ የቀሰም ሥራ ነው። ቀለበት በቀለበት ላይ ተንጠልጥሎ በረድፍ የተደረደረ ከሆነ የመርፌ ሥራ ነው። ቀጥላችሁ የአበባውን ዙሪያ በጣታችሁ ዳስሱ። የመርፌው ብዙ ጊዜ ጠርዙ ከፍ ብሎ እንደ ተቀረጸ ነገር ለጣት ይሰማል፤ የቀሰሙ ግን በአብዛኛው ለስላሳና ዝርግ ነው፤ ሲይዙትም ይታጠፋል። ከዚህም የተነሣ በጥንቱ ሥርዐት የመርፌው ግርማ ለሚሻው ኮሌታና ለካህናት ልብስ፥ የቀሰሙ ደግሞ እጥፍ እጥፍ እያለ ለሚወርደው የእጅጌ ጫፍና ለራስ መሸፈኛ ይስማማ ነበር።

ከቬኒስ እስከ ፍላንድርስ

የሁለቱም ታሪክ ከኢጣልያ፥ ይልቁንም ከቬኒስ ሬፑብሊክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1557 በቬኒስ «ለ ፖምፔ» የተባለ የቀሰም ዳንቴል ንድፍ መጽሐፍ ታተመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1561 ገደማ፥ በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ስሟን በሁለት ፊደል ብቻ ያሰፈረች አንዲት የዳንቴል አስተማሪ ሌላ የንድፍ መጽሐፍ አሳተመች። በመቅድሟም ይህ ሙያ በ1536 ከቬኒስና ከኢጣልያ በመጡ ነጋዴዎች አማካይነት ወደ አገሯ እንደ ገባ ጽፋለች። የመርፌውን ንድፍ ደግሞ የታላቁ ሠዓሊ የቲሲያኖ ዘመድ የሆነው ቼዛሬ ቬቼልዮ በ1591 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፍቶታል።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ መንገዳቸውን ለዩ። የመርፌው ዋና ከተማ ቬኒስ ሆና ቆየች። የቀሰሙ ግን በዛሬዪቱ ቤልጅግ በፍላንድርስ አገር ሥር ሰደደ። ምክንያቱም ፍላንድርስ የተልባ እግር አገር ነበረች። በዚያ በእጅ የሚፈተለው ክር ከመቅጠኑ የተነሣ በደረቅ አየር ይበጠስ ስለ ነበር፥ ፈታዮቹ እርጥበት ባለው ጨለማ ምድር ቤት ተቀምጠው ይፈትሉት ነበር። ብራስልስ፥ ሜክለንና ብሩዥ በዚህ ክር ስማቸውን አስጠሩ። የብራስልስ ሴቶች ደግሞ አንድ ብልሃት ጨመሩ፤ አበባውን ለብቻ፥ መረቡን ለብቻ እየሠሩ በመጨረሻ ያያይዙት ጀመር። በዚህም ሥራው ለብዙ እጅ ይከፋፈልና ቶሎ ያልቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ዳንቴል የሴት ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነገሥታትና መኳንንት፥ የጦር አለቆችና ጳጳሳት በኮሌታቸውና በእጅጌያቸው ያንጠለጥሉት ነበር። የአንድ ሰው ሀብት በአንገቱ ዙሪያ ይነበብ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነገሩ ከልብስ ጉዳይ አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ።

አንድ ሚኒስትርና ሴቶቹ

በእንግሊዝ አገር በ1662 የውጭ ዳንቴል እንዳይገባ በሕግ ተከለከለ። በፈረንሳይም የሉዊ ዐሥራ አራተኛው ሚኒስትር የነበረው ዣን ባፕቲስት ኮልቤር የመንግሥቱን ሒሳብ ሲመረምር፥ መኳንንቱ ለቬኒስና ለፍላንድርስ ዳንቴል የሚያፈሱት ገንዘብ ከአገር እየወጣ መቅረቱን ተመለከተ። መኳንንቱ ዳንቴል እንዳይለብሱ መከልከል ቀድሞም ተሞክሮ ፍሬ አላፈራም ነበር። ኮልቤር ሌላ መንገድ መረጠ፤ ዳንቴሉን በአገር ውስጥ ማሠራት ነው።

በነሐሴ ወር 1665 በወጣው አዋጅ መሠረት አላንሶን፥ አራስ፥ ሬምስና ሰዳን በመሳሰሉት ከተሞች የንጉሥ የዳንቴል ሥራ ቤቶች ተቋቋሙ። አንድ ማኅበርም ለዐሥር ዓመት ያህል ብቸኛ መብት ተሰጠው። ከቬኒስና ከፍላንድርስ ሙያተኞች መጡ፤ ከውጭ የሚገባውም ዳንቴል ታገደ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም ጉድለት የሌለበት አዋጅ ነበር።

ነገር ግን አዋጁ አንድ ነገር ረስቶ ነበር። በአላንሶን የቬኒስን ስፌት የሚያውቁ ሴቶች ከአዋጁ በፊትም ነበሩ። ሴቶቹ በየቤታቸው እየሠሩ ለነጋዴ ይሸጡና ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። አዋጁ ለማኅበሩ ብቻ እንዲሠሩ ባዘዘ ጊዜ፥ በዚያው ዓመት የአላንሶን ሴቶች አደባባይ ወጥተው ዐመፁ። ልመናቸው ቀድሞ እንደ ነበረው በነጻ ሠርተው በነጻ ለመሸጥ ነበር። የማኅበሩ ብቸኛ መብት በ1675 ባበቃ ጊዜ፥ የአላንሶን ዳንቴል ቬኒስን መምሰሉን እየተወ የራሱን መልክ እየያዘ ሄደ። እንግዲህ ኮልቤር ገንዘቡንና ገበያውን አመጣ፤ መልኩን ግን የሰጡት በየቤታቸው የተቀመጡት ሴቶች ናቸው።

የዚህ ውበት ዋጋም ቀላል አልነበረም። በፍላንድርስና በእንግሊዝ ገጠር ልጆች ገና በአምስት ዓመታቸው ወደ ዳንቴል ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። ትምህርት ቤት ተባለ እንጂ ትምህርቱ በአብዛኛው ቀሰም ማሻገር ነበር። ሲመሽ የሻማ ብርሃን እንዲበረታ በውሃ የተሞላ፥ ብርሌ የመሰለ ጠርሙስ ከሻማው ፊት ይቆማል፤ ሴቶቹም ጠርሙሱ የሚያቀብላቸውን ጭላንጭል እየተሻሙ በዙሪያው ይደረደራሉ። ደመወዛቸው ጥቂት ነበር፤ ዐይናቸውም ቶሎ ይደክም ነበር። በንጉሥ አንገት ላይ የሚያበራው አበባ በብዙ ደካማ ዐይኖች የተገዛ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

መኪና በመጣ ጊዜ

በ1789 የተነሣው የፈረንሳይ አብዮት መኳንንቱን ሲጥል ዳንቴላቸውንም አብሮ ጣለው። ገና ከዚህ ሳያገግም ከእንግሊዝ ሁለተኛ ፈተና መጣ። ጆን ሂዝኮት የተባለ ሰው የቀሰም ዳንቴል ክሮች እንዴት እንደሚሄዱ አንድ በአንድ መረመረ። ከክሮቹ ከፊሉ እንደ ድር ቀጥ ብለው ሊወርዱ፥ ከፊሉም እያጋደሉ ሊጠመዘዙባቸው እንደሚችሉ ተገነዘበ። በ1808 እና በ1809 ይህን የሚሠራ መኪና አወጣ። መኪናው የሚሠራው መረቡን ብቻ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ሴት በብዙ ቀን የምትሠራውን መረብ በጥቂት ጊዜ ይጨርሰው ነበር። በ1816 መኪና እንጀራችንን ነጠቀን ያሉ ሰዎች በላፍቦሮ ከተማ በነበረው ፋብሪካው ገብተው ሃምሳ አምስት መኪናዎች ሰባበሩ። ሂዝኮትም ፋብሪካውን ወደ ዴቨን አውራጃ፥ ወደ ቲቨርተን አዛወረው። በዚህ መካከል በ1813 ጆን ሊቨርስ ሌላ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ይህ መኪና ኋላ እየተሻሻለ አበባውን ጭምር መሥራት ስለ ቻለ የእንግሊዙ ኖቲንግሃምና የፈረንሳዩ ካሌ በእርሱ በለጸጉ።

በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያ ስታገባ የአገርዋን ሠራተኞች ለመርዳት ብላ በዴቨን በእጅ የተሠራ የሆኒተን ዳንቴል መረጠች። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሴቶች አበባውን በቀሰም ሠሩት። አበባው የተሰፋበት መረብ ግን የመኪና ሥራ ነበር። በአንድ የሠርግ ልብስ ላይ እጅና መኪና ታርቀው ታዩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ዳንቴሎች የለያቸውን ነገር እንደ ገና እናገኘዋለን። የቀሰሙ ሥራ ሁለት እንቅስቃሴዎች በቍጥር እየተደጋገሙ የሚሄዱበት ነው፤ የሚቈጠርና የሚደጋገም ሥራን ደግሞ ብረት ይማረዋል። የመርፌው ግን በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ክሩ ከነመርፌው ሙሉ በሙሉ አልፎ እንዲሳብ ያስገድዳል። መኪና ይህን ማድረግ አልሆነለትም። በ1880ዎቹ የተገኘው ብልሃት እንኳ መልኩን መምሰል ብቻ ነበር፤ በጨርቅ ላይ በመኪና ይጠለፍና ጨርቁ በመድኀኒት ሟሙቶ ጥልፉ ብቻ ይቀራል።

እንግዲህ መኪና ያልቻለው የመርፌ ዳንቴል ድል አደረገ ትሉ ይሆናል። አላደረገም። መኪና ባያሸንፈው ጊዜ አሸነፈው። ርካሽ የሆነ አምሳያ በገበያ ሲሞላ፥ ለካሬ ሴንቲሜትር ሰባት ሰዓት የሚከፍል ሰው እያነሰ ሄደ።

ሁለት ትምህርት ቤቶች

የዚህን ፍጻሜ ከሁለት ትምህርት ቤቶች ታሪክ መረዳት ይቻላል።

በቬኒስ አጠገብ ቡራኖ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ደሴት አለች። በጥንት ዘመን በመርፌ ዳንቴልዋ የታወቀች ስትሆን፥ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሙያው ጠፍቶባት ነበር። በ1872 ክረምቱ እጅግ ስለ በረታ አጥማጆቹ ሥራ ፈትተው ተራቡ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አድሪያና ማርቼሎና ፓውሎ ፋምብሪ ለደሴቲቱ እንጀራ ይሆናል ብለው የዳንቴል ትምህርት ቤት ለመክፈት አሰቡ። ነገር ግን ስፌቱን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ፥ የተገኙት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የደረሰ ቼንቻ ስካርፓሪዮላ የተባሉ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም መስፋት እንጂ ማስተማር አይችሉም ነበር። ስለዚህ አና ቤሎሪዮ የተባለች የደሴቲቱ መምህርት ከአጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን እያየች ተማረች፤ ከዚያም ለስምንት ልጃገረዶች አስተማረች። የብዙ ዘመን ዕውቀት በአንዲት አሮጊት ጣቶች ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ተመልከቱ። አንድ ክረምት ቢዘገይ ኖሮ አይገኝም ነበር። ትምህርት ቤቱ ወደ መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1970 ተዘጋ፤ ሕንፃውም የዳንቴል ሙዚየም ሆነ።

ሁለተኛው በዛሬዪቱ ስሎቬኒያ፥ የባዜቃ ማዕድን ይቈፈርባት በነበረችው በኢድሪያ ከተማ ይገኛል። የማዕድን ሠራተኞች ደመወዝ ለቤተ ሰብ ስለማይበቃ፥ ሚስቶቻቸው የቀሰም ዳንቴል ይሠሩ ነበር። በ1876 ኢቫንካ ፈርያንቺች የመጀመሪያዋ መምህርት ሆና የዳንቴል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ማዕድኑ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ሕፃናትን ያስተምራል። የስሎቬኒያ የቀሰም ዳንቴል በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአራት ዓመት ልዩነት የተከፈቱ፥ ሁለቱም ከድህነት የተወለዱ ናቸው። የቀሰሙን ሁለት እንቅስቃሴዎች አንድ ሕፃን በጥቂት ቀን ይማራቸዋል፤ በጥቂት ጥንድ ጀምሮም ጠባብ ጠርዝ ሠርቶ ለእናቱ ያሳያል። ስለዚህ መኪና ገበያውን ቢወስድበትም በየአገሩ በደስታ የሚሠሩት ሰዎች አልጠፉም። የመርፌውን ሙሉ ሙያ፥ ለምሳሌ የአላንሶንን፥ ለማወቅ ግን ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ዘመን ያለ ደመወዝ የሚታገሥ ማን ነው?

የፈረንሳይ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ በ1976 መልስ ሰጠ። በአላንሶን ለመርፌው፥ ለ ፑይ በምትባለው ከተማ ደግሞ ለቀሰሙ፥ ሁለት የመንግሥት ሥራ ቤቶች ተቋቋሙ። በዚያ የሚሠሩት ዳንቴል ሠሪዎች የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ እንደ እናንተ የወር ደመወዝ ይቀበላሉ፥ እንደ እናንተ በሰዓት ይገባሉ፥ በሰዓት ይወጣሉ። የሚሠሩት ለገበያ ሳይሆን ሙያው እንዳይቋረጥ ነው፤ ልምድ ያላት ለጀማሪዋ እያሳየች ታስተላልፋለች። የአላንሶን የመርፌ ዳንቴል በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ኮልቤር በአዋጅ ካዘዘ ከሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፥ መንግሥቱ ሴቶቹን ማዘዙን ትቶ ጊዜያቸውን መግዛት እንደሚሻል ተረዳ ማለት ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ የእጅ ሙያ በአዋጅ ሊበረታታ፥ በገበያ ሊበለጽግ ይችላል፤ የሚኖረው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን በጠረጴዛው ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል አንሡና ተመልከቱት። የሠሩት እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ከሆኑ፥ ንድፉን ከማን እንደ ተማሩት ጠይቋቸው። ጊዜ ካላቸውም ኪሮሹን ይዘው አንድ ረድፍ እንዲሠሩ ለምኗቸው፤ ከልጆቻችሁም አንዱን ከአጠገባቸው አስቀምጡት።